የጥላሸት ማጣሪያ ላለው የናፍጣ ሞተር የሚስማማ ዘይት

በጭስ መውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ የተገጠመለት የናፍጣ መኪና ወይም የእርሻ ትራክተር ዘይቱ በውፍረቱ ብቻ ሊመረጥለት አይገባም። በማጣሪያው የታገደው ጥላሸት በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥሎ ይጠፋል። በዘይቱ ውስጥ ከተጨመሩት ካልሲየም፥ ማግኒዚየምና ዚንክ የሚቀረው አመድ ግን እሳት አይበላውም፤ ከቀን ወደ ቀን እየተከማቸ ማጣሪያውን ይደፍናል። ባለንብረቱም በዘይት ያተረፈውን ጥቂት ገንዘብ ለአዲስ ማጣሪያ እጥፍ ድርብ አድርጎ ይከፍላል።

በዕቃው ላይ «15 ደብልዩ 40» ተብሎ የተጻፈው ውፍረቱን እንጂ አመዱን አይናገርም። ለቤት መኪና «ኤሲኢኤ ሲ3» የተባለው ምልክት አመዱ ከመቶ 0.8 እንዳይበልጥ ይወስናል። ለከባድ መኪናና ለትራክተር እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ኤፒአይ ሲኬ-4» ወሰኑ ከመቶ 1 ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሠሪው ፋብሪካ መጽሐፍ ይታይ።

አመዱ ያነሰ ዘይት አሲድን የመመከት ኃይሉም አነስተኛ ስለሆነ፥ ድኝ የበዛበት ናፍጣ በሚቀዳበት አገር ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት።

በአጭር መንገድ ብቻ የሚመላለስ መኪና ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ላይ ጨምሮ ቢታይ ሹፌሩ ደስ አይበለው፤ ማጣሪያውን ለማጥራት የተረጨው ናፍጣ ወደ ዘይቱ ወርዶ እያቀጠነው ነውና ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።