«ላይ» እና «ሌይ»
ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሚያስከትሉት ስሕተት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ትምህርት የምንማረው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ በዚህ ቋንቋ የምንሠራው ስሕተት በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ወደ ታሪኩም፥ ወደ ጂኦግራፊውም፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ቤታችን ድረስ ይከተለናል። እኔም ስለ ሁለት አጫጭር ቃላት ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት፥ ከነዚሁ ቃላት የመጣ ስሕተት እስከ ቤቴ ስለ ተከተለኝ ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴ ታመው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሌሊት ሌሊት አስታማሚያቸው እኔ ስለ ነበርሁ አንድ ፈተና አመለጠኝ፤ መምህራችንም «ምክንያትህን በእንግሊዝኛ ጽፈህ አምጣ» አሉኝ። እኔም መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ፥ «አባቴ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ፤ እኔም በአጠገባቸው ተኛሁ» ለማለት አስቤ፥ በሁለቱም ስፍራ «ላይድ» የሚለውን ቃል አገባሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ሁለታችሁም?» የሚል ጥያቄ ብቻ ተጽፎበት አገኘሁ። ነገሩ የገባኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ አንብቦ ሣቁን መግታት ባቃተው ጊዜ ነው። ለካስ የጻፍሁት «አባቴ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ ዋሹ፤ እኔም በአጠገባቸው ዋሸሁ» የሚል ኖሯል!

የክፍሉ ሣቅ አላስከፋኝም፤ የሌላ ሰው ስሕተት ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። የከበደኝ ግን ማታ አባቴ «መምህርህ ምን አሉ?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ ነው። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ውሸትን እንዴት እንደሚጠሉ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። እንደዚህ ያለውን ሰው በገዛ እጄ ውሸታም ብዬ ጽፌ፥ ለክፍል መሣቂያ ማድረጌን እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያውስ አጥንተህ አቅናው እንጂ ልጄ» አሉኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው በዚያ ምክንያት ያጠናሁት ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለያቸው። «ላይ» የምለው በኤል፥ በአይ እና በኢ የሚጻፈውን ነው፤ «ሌይ» የምለው ደግሞ በኤል፥ በኤይ እና በዋይ የሚጻፈውን ነው። በፊደላችን ሲጻፉ ልዩነታቸው የራብዕና የኀምስ ብቻ ነው። ነገር ግን ቃላቱ ሁለት ይምሰሉ እንጂ በውስጣቸው ያሉት ግሶች ሦስት ናቸው፤ ተማሪውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

አንደኛው «ላይ» መጋደም፥ መተኛት፥ በአንድ ስፍራ መገኘት ማለት ነው። ሁለተኛው «ላይ» መዋሸት ነው። ሦስተኛው «ሌይ» ማጋደም፥ ማኖር፥ ማስቀመጥ ነው። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ትናንት ስለ ተደረገው ነገር ስንናገር ነው። የዋሸ ሰው እንደ ብዙዎቹ ግሶች መጨረሻው ላይ ዲ ተጨምሮ «ላይድ» ይባላል። አንድን ነገር ያኖረ ሰው «ሌይድ» ይባላል። የተጋደመ ሰው ግን በኀላፊ ጊዜ «ሌይ» ይባላል፤ «ሃቭ» ከሚለው ረዳት ግስ ጋራ ሲሆን ደግሞ «ሌይን» ይሆናል። እንግዲህ ተመልከቱ፦ «ሌይ» የሚለው አንዱ ቃል ዛሬ ሲሆን ማጋደም፥ ትናንት ሲሆን መጋደም ነው! አንድ እንግሊዛዊ ሕፃን ይህን በእናቱ ጭን ላይ ሳለ ሲሰማው ያድጋል፤ እኛ ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል ከማጥናት በቀር ሌላ መንገድ የለንም።

ሁለቱ ግሶች ለምን ይህን ያህል ተመሳሰሉ? ይህን ስፈልግ ያገኘሁት መልስ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም። በሰዋስው ትምህርታችን ስለ አዕማድ ተምረናል፤ ግስ አድራጊና አስደራጊ፥ ተደራጊም እየሆነ ይለዋወጣል። ተጋደመ ስንል ሰውዬው ራሱ ነው፤ አጋደመ ስንል ሌላውን ነው። ተነሣ እና አነሣ፥ ተቀመጠ እና አስቀመጠም እንደዚሁ ናቸው። እኛ ይህን የምንለየው በግሱ መጀመሪያ ላይ በምናገባው ተ እና አ ነው። የጥንት እንግሊዞች የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ መጋደምን «ሊጃን»፥ ማጋደምን «ሌጃን» ይሉ ነበር፤ በሁለቱም ጃ ይጠብቃል። ልዩነቱ ከቃሉ ፊት ሳይሆን ከቃሉ ሆድ ውስጥ፥ በአናባቢው ላይ ነው። የዛሬዎቹ «ላይ» እና «ሌይ» የነዚህ ሁለት ቃላት ልጆች ናቸው። «ሲት» እና «ሴት» የሚባሉትም ግሶች፥ ማለት መቀመጥና ማስቀመጥ፥ በዚሁ ዐይነት የተወለዱ ናቸው። «ፎል» መውደቅ ሲሆን «ፌል» ዛፍን ቆርጦ መጣል ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ «ላይ»ን ተጋደመ፥ «ሌይ»ን አጋደመ ብዬ ስይዛቸው፥ ቀድሞ በጭፍን ከማጠናው ይልቅ በአእምሮዬ ጸኑልኝ።

የውሸቱ «ላይ» ከነዚህ ጋራ አንዳችም ዝምድና የለውም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሌዮጋን» የሚባል ሌላ ግስ ነበር፤ በዘመን ብዛት ድምፁ እየተለወጠ መጥቶ ከመጋደሙ ቃል ጋራ ገጠመ። በእኛም ቋንቋ «ገና» ብለን ስንጽፍ የልደት በዓልም፥ «ገና አልመጣም» እንደምንለውም ይሆናል፤ በንባብ ግን አንዱ ይጠብቃል፥ ሌላው ይላላል። የእንግሊዞቹ «ላይ» ግን በጽሕፈትም በንባብም አንድ ስለ ሆነ የሚለየው በዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

የእነርሱ ባለ ቅኔዎች በዚህ በደንብ ተጠቅመውበታል። በሼክስፒር «ሐምሌት» በአምስተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ልዑሉ መቃብር ቆፋሪውን የማን መቃብር እንደሚቆፍር ሲጠይቀው፥ ቆፋሪው የራሴ ነው ይለዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ «ላይ» የሚለውን ቃል እንደ ኳስ ይቀባበሉታል፤ ጉድጓዱ ውስጥ መሆንም መዋሸትም እየሆነ ይሄዳል። እኛ ኅብረ ቃል የምንለው፥ ሰምና ወርቁ በአንድ ቃል የሚቀመጥበት ማለት ይህ ነው። ተውኔቱን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ነገር ግን ዋሸ እና ተጋደመ አንድ የጋራ ፊደል እንኳ ስለሌላቸው፥ እንደዚህ ያለውን ጨዋታ ቃል በቃል መመለስ ለማንም ተርጓሚ እንዴት እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም። በእንግሊዞች የመቃብር ድንጋይ ላይም «ሂር ላይዝ» ተብሎ ይጻፋል፤ እዚህ ዐርፏል ለማለት ነው። ክፉ ቀልደኛ ግን እዚህም ይዋሻል ብሎ ሊያነበው ይችላል።

በጂኦግራፊ መጽሐፋችን ውስጥ «ላይ» ሌላ ሥራ አለው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ ትገኛለች፥ ጣና በሰሜን ምዕራብ ይገኛል ለማለት የሚገባው ይኸው ቃል ነው። ችግሩ በገንዘቡ ላይ ነው፥ ጥፋቱ በእኛ ላይ ነው በምንልበትም ስፍራ እነርሱ «ላይዝ» ይላሉ። አጠገቤ የሚቀመጠው ያው ሣቂ ጓደኛዬ «የእንግሊዝኛው ላይ የአማርኛው ላይ ነው፤ አንድ ነገር በሌላው ላይ ሲሆን ላይ በለው» እያለ ያጠናል። ይህ ዘዴ ከማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ ሆኖም እርሱ በዚህ ጥያቄ ተሳስቶ አያውቅም።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ትርጕም ያለው ግን «ሌይ» ነው። በአማርኛ አንድ ቃል አይበቃውም። ሐዲድ ሲሆን መዘርጋት፥ ጡብ ሲሆን መደርደር፥ ምንጣፍ ሲሆን ማንጠፍ፥ ገበታ ሲሆን ማሰናዳት፥ ወጥመድ ሲሆን ማጥመድ ነው። እኛ ለየነገሩ የየራሱን ግስ ስንሰጠው እነርሱ በአንዱ ይጨርሱታል። ከአማርኛ ግሶች ይበልጥ የሚቀርበው፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ጣለ ነው። ዶሮ እንቁላል ጣለች እንላለን፤ በእንግሊዝኛ «ሌይድ» ነው። መሠረት ጣለ፥ እንደዚሁ። ግብር ጣለ፥ አሁንም እንደዚሁ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1787 ዓ.ም. የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ግብር የመጣል ሥልጣን እንዳለው ሲናገር የተጠቀመው በዚሁ በ«ሌይ» ነው። ተዋጊ መሣሪያውን መሬት ሲጥልም «ዳውን» የሚለውን አክለው «ሌይ ዳውን» ይላሉ። ይህን ሁሉ አይቶ ግን ጣለ ሁልጊዜ «ሌይ» ነው የሚል ሰው ገደል ይገባል። ዝናብ ጣለ፥ ታጋዩ ባላጋራውን ጣለ፥ ልጁ ደብተሩን መንገድ ላይ ጣለ፤ ከነዚህ ሦስቱ አንዱም «ሌይ» አይደለም። ዶሮዋንም ቢሆን በጥንቃቄ ነው፤ «ላይድ» ብትሏት እንደ አባቴ ያለ ስም ታወጡላታላችሁ።

በስም አጠገብ የሚገባ ሌላ «ሌይ» አለ፤ ካህን ያልሆነ ምእመን፥ ወይም የአንድ ሙያ ባለቤት ያልሆነ ሰው ማለት ነው። ይህ ሕዝብ ማለት ከሆነው ከግሪኩ «ላኦስ» የመጣ ነው። ደግሞም የአዝማሪ ግጥም «ሌይ» ይባላል፤ ዋልተር ስኮት በ1805 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመው ስለ መጨረሻው አዝማሪ የተጻፈ ረጅም ግጥም በርእሱ ይህን ቃል ይዟል። እነዚህ ግሶች ስላይደሉ ብዙ አያሳስቱም።

እኛ ብቻ የምንሳሳት መስሎን አንፈር። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው በንግግር «ላይ» ማለት ሲገባቸው «ሌይ» ሲሉ ይሰማሉ፤ የሰዋስው መጻሕፍታቸውም ስለዚህ ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። እንዲያውም ሎርድ ባይረን «ቻይልድ ሃሮልድ» በተባለው ግጥሙ፥ በ1818 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው በአራተኛው ክፍል ፍጻሜ አጠገብ፥ ባሕር ስለ ጣለው ሰው ሲናገር ይጋደም ለማለት ቤት እንዲመታለት «ሌይ» ብሎ ጽፏል፤ እስከ ዛሬም ይህ ስሕተቱ ይነሣበታል። ባይረን በግጥም ምክንያት ምሕረት ሊያገኝ ይችላል፤ ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ግን አያገኝም።

ስለዚህ በፈተና ጊዜ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዐረፍተ ነገሩን በልቤ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፤ «መጽሐፉን፥ ሕፃኑን፥ መሠረቱን» እንደሚለው መጨረሻው ን የሆነ ተሳቢ ከመጣ ግሱ ያለ ጥርጥር «ሌይ» ነው። ተሳቢ ከሌለ «ላይ» ነው። ቀጥሎ ጊዜውን እጠይቃለሁ፤ ትናንት ከሆነና ተሳቢ ከሌለ «ሌይ» እላለሁ፥ ትናንት ከሆነና ተሳቢ ካለ «ሌይድ» እላለሁ። «ላይድ» የሚለውን የምጽፈው በእውነት የዋሸ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቆ ሁለተኛውን የሚረሳ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደ ተመለሰ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀውም እዚያው ላይ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዬ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ማታ አዲስ ወረቀት አውጥቼ እንደገና ጻፍሁት። «አባቴ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ» ባልሁበት ስፍራ «ሌይ» አገባሁ። «እኔም ፍራሼን በአልጋቸው አጠገብ አነጠፍሁ» ባልሁበት ስፍራ፥ ፍራሼን የሚለው ተሳቢ ስላለ፥ «ሌይድ» አገባሁ። «ሌሊቱንም ተጋድሜ ስጠብቃቸው ዐደርሁ» ለማለት «ላዪንግ» የሚለው ነበር የሚገባው፤ እርሱ ግን ለተጋደመም ለዋሸም አንድ ስለ ሆነ፥ ዳግመኛ እንዳልጠየቅ ፈርቼ «በፍራሼ ላይ» የሚል ጨመርሁበት።

ከጻፍሁ በኋላ ለአባቴ እያንዳንዱን ቃል በአማርኛ እየተረጐምሁ አነበብሁላቸው።

«አሁንስ አልዋሸንም?» አሉኝ።

«አልዋሸንም አባዬ።»

በማግሥቱ መምህሩ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት፤ ቀዩን ብዕር ከኪሳቸው አላወጡም፤ ከምሳ በኋላም ያመለጠኝን ፈተና ፈተኑኝ።