ለኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሆን ዜማ ስለ መድረስ
ጀማሪዎችን ለሚያስተምሩ መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች

ልጅና ዜማ በጨዋታ ጊዜ አይለያዩም። እረኛ በዋሽንቱ፥ ልጃገረድ በጭብጨባዋ፥ የኑዌር ጎልማሳም በሬውን በሚያወድስበት ዘፈን ጨዋታውን ያደምቃል። የኮምፒዩተር ጨዋታም እንደዚሁ ነው፤ ዓይን የሚያየውን ሥዕል ጆሮ በዜማ ካልተከተለው፥ ጨው እንደሌለው ወጥ ይሆናል።

ኩሌ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ወረዳ የሚገኝ፥ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሰፈሩበት ሥፍራ ነው። የሸሸ ሰው ንብረቱን ጥሎ ይመጣል፤ ዘፈኑን ግን በአፉ ይዞት ይመጣል። ዛሬ ልጆች በስልክ የሚጫወቱት ጨዋታ አብዛኛው የሩቅ አገር ዜማ የያዘ ነውና፥ የራሳቸው ዜማ ካልተቀዳና ሥራ ካልተሰጠው ከሽማግሌዎች ጋር እንዳይቀበር ያሰጋል። ይህን ትምህርት መጻፍ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

«መሣሪያ የለንም፥ እንዴት ይሆናል?» የሚል ቢኖር፥ የሉዋል ማየንን ነገር ይስማ። እርሱ የደቡብ ሱዳን ተወላጅ ሲሆን ያደገው በሰሜን ኡጋንዳ በስደተኞች ሰፈር ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቅማ በ300 ዶላር ኮምፒዩተር ገዛችለት፤ እርሱም ባትሪውን ለመሙላት የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር። በዚህ ሁኔታ ተምሮ ስለ ሰላም የሚናገር «ሰላም» የተባለ ጨዋታ ሠራ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታ አውጥቷል።

1ኛ፤ ስለ ዙር

ዘፈን መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ የጨዋታ ዜማ ግን ክብ ነው። ተጫዋቹ መቼ እንደሚያበቃ ደራሲው ስለማያውቅ፥ አጭር ዜማ ደርሶ ኮምፒዩተሩ ሳያቋርጥ እንዲደግመው ያደርጋል። ይህን «ዙር» እንለዋለን።

በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ዜማ 32 ምት ቢኖረው 16 ሴኮንድ ይፈጃል። ልጁ ግማሽ ሰዓት ቢጫወት ያንኑ ዜማ ከ112 ጊዜ በላይ ይሰማዋል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲሰሙት የሚያስደንቀው፥ በመቶኛው ጊዜ ጆሮ ያደክማል። ስለዚህ ዜማው ልከኛ ይሁን፥ የዕረፍት ቦታም ይኑረው፤ መጨረሻውም መጀመሪያውን የሚጠራ እንጂ የሚዘጋ አይሁን።

ይህን ለመልመድ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። መምህሩ ልጆቹን በክብ ያቁም፤ አንዱ ከበሮ፥ ከበሮ ከሌለ ባዶ ጀሪካን ይምታ፤ የቀሩት ዜማውን ሃያ ጊዜ ሳያቋርጡ ያዚሙት። ከሃያኛው በኋላ ያልሰለቻቸው ዜማ ለሥራ የተገባ ነው።

2ኛ፤ ስለ ድምፅ ምርጫ

ጀማሪ በብዙ ድምፅ አይጨነቅ። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ለምሳሌ ሜጀር ትዝታ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው። በእነዚህ ብቻ ብዙ ዜማ ይደረሳል። ጃፓናዊው ኮጂ ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ዜማ ሲደርስ፥ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለው አምስት ዓይነት ድምፅ ብቻ ነበር፤ ዜማው ግን እስከ ዛሬ ይታወቃል።

3ኛ፤ ዜማው ከሥራው ጋር ስለ መስማማቱ

እ.ኤ.አ. በ1978 በጃፓን በወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» በተባለው ጨዋታ፥ እየወረዱ የሚሄዱ አራት ድምፆች ብቻ ይደጋገማሉ። የጠላት ሠራዊት ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይፈጥናል፤ የተጫዋቹም ልብ ይመታል። እንግዲህ ተማሪው አስቀድሞ «በዚህ ቦታ ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ይሸሻልን? ይፈልጋልን? ያርፋልን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ምቱንም እንደዚያው ይወስን።

4ኛ፤ ወደ ኮምፒዩተር ስለ ማግባት

መብራትና ኮምፒዩተር በተገኘ ጊዜ ሰዓቱ እንዳይባክን፥ ዜማው አስቀድሞ በቃልና በወረቀት ይለቅ። «ኤልኤምኤምኤስ» የተባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ፥ ከተጫነም በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። በውስጡ ድምፁ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይጻፋል፤ ከፍ ያለው ድምፅ ከላይ፥ ዝቅ ያለው ከታች ይሆናል። የዜማ ምልክት ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስቸግርም። የሰው ድምፅና ከበሮ ለመቅዳት «ኦዳሲቲ» ይበቃል። ሥራው ሲያልቅ በ«ዋቭ» ወይም በ«ኦግ» ዓይነት ይቀመጥ፤ «ኤምፒ3» በመጀመሪያው ላይ ጥቂት ዝምታ ስለሚጨምር ዙሩን ይቆርጠዋል።

ለሽማግሌዎች የቀረበ ቃል

አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጆች ዘፈን ሊቀዱ ሲመጡ አትመልሷቸው። ነገር ግን ለጨዋታ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለዩላቸው፤ የጸሎትና የለቅሶ ዜማ ለጨዋታ አይገባም። የበሬ ውዳሴም ባለቤት አለውና፥ ልጁ ሳያስፈቅድ አይውሰድ፤ ከማን እንደተቀበለውም በሥራው ላይ ይጻፍ።

ጥያቄዎች

1. የጨዋታ ዜማ ከዘፈን በምን ይለያል?
2. በደቂቃ 90 ጊዜ የሚመታ ዜማ 48 ምት ቢኖረው ስንት ሴኮንድ ይፈጃል?
3. ከሚሸሽ ሰውና ከሚያርፍ ሰው ጋር የሚስማማ ሁለት ዙር ድረሱ፤ ሃያ ሃያ ጊዜም አዚማችሁ ፈትኑ።