ከሱስ ማገገሚያ የአቻ ድጋፍ ቡድኖችን ለሴቶች ምቹ ማድረግ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ማኅበራዊ ዐውድ አንጻር

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 12 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 27 በመቶ የሚሆኑት ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ገልጸዋል። አኃዙ የሴቶቹ ድርሻ አነስተኛ መሆኑን ቢያሳይም ችግሩ የወንዶች ብቻ ነው አያሰኝም። ሱስ የወንድ ጠባይ ተደርጎ በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ፣ ሴት እርዳታ ስትጠይቅ የሚደርስባት ነቀፌታ ይብሳል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው፣ ሴቶችን ለወንዶች በተቀረጸ ቡድን ውስጥ መጨመር ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ ይልቁንም የቡድኑ አሠራር ከሴቶቹ የዕለት ኑሮ ተነሥቶ መቀረጽ እንዳለበት ነው።

ከሌላው ዓለም የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ በሁለት ወንዶች የተመሠረተው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በ12 ደረጃዎች ይመራል። የመጀመሪያው ደረጃ አባሉ በመጠጥ ፊት አቅም እንደሌለው ማመኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዊመን ፎር ሶብራይቲ የተባለውን የሴቶች ማኅበር የመሠረተችው ጂን ኪርክፓትሪክ በአንጻሩ የሴቶችን በራስ መተማመን ማጎልበት አስቀደመች። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንዱን መርሐ ግብር እንዳለ መገልበጥ አይደለም። ለአንዱ ትሕትና የሚያስተምር ቃል፣ አቅም ተነፍጋ ለኖረች ሴት የቆየ ቁስል ሊነካ እንደሚችል ማስተዋል ነው።

የአካባቢው ዐውድ

በወሎ ሴቶች የሚሰባሰቡባቸው ቅሬ፣ ማኅበር፣ ዕቁብና የቡና ሥርዓት ለመደጋገፍ የዳበሩ መሠረቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለት እንቅፋቶች አሉባቸው። አንደኛ፣ ጫት በወዳጃ፣ ጠላም በማኅበርና በድግስ የመሰባሰቡ አካል ስለሆኑ፣ ከሱስ የምትርቅ ሴት ከወዳጆቿ ጭምር መራቅ ሊመስላት ይችላል። ሁለተኛ፣ ቅሬ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስተሳስር በመሆኑ ምስጢር ለመጠበቅ አይመችም።

የኑሮ ጉዳይም አለ። ጠላ በመጥመቅ፣ አረቄ በማውጣት ወይም ጫት በመቸርቸር ልጆቿን ለምታሳድግ ሴት "ከመጠጡና ከጫቱ ራቂ" የሚለው ምክር ገቢሽን ተዪ ማለት ይሆናል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሰሉ ቦታዎች በፈረቃ የምትሠራ ወጣት ደግሞ በቋሚ የስብሰባ ሰዓት መገኘት ያስቸግራታል። ሁለቱ ከተሞች በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነት ውስጥ ማለፋቸውም ሊዘነጋ አይገባም። ከጥቃት የተረፈች ሴት ወንዶች ባሉበት ታሪኳን እንድትናገር መጠበቅ ለጉዳት ሊያጋልጣት ይችላል።

የአሠራር ሐሳቦች

ከዚህ በመነሣት አራት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ከድብልቁ ቡድን ጎን ለጎን በሴት የሚመራ የሴቶች ቡድን ይኑር፤ ምርጫው የተሳታፊዋ ይሁን። ሁለተኛ፣ መሰብሰቢያው ሌሎች አገልግሎቶችም በሚሰጡበት ግቢ ውስጥ ቢሆን፣ ወደዚያ መግባቷ ብቻ ምስጢሯን አያወጣም። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ከፈረቃና ከቤት ሥራ ጋር ይጣጣም፤ ልጆች የሚቆዩበትም ቦታ ይዘጋጅ። አራተኛ፣ ቡድኑ ከዕቁብ ወይም ከቁጠባ ጋር ተቀናጅቶ ወደ ሌላ መተዳደሪያ የመሸጋገሪያ መንገድ ይፈልግ።

የቡና ሥርዓት መልካም መሰብሰቢያ ቢሆንም ጫትን በቡና ለለመደች ሴት ቡናው ራሱ ጫቱን ሊያስናፍቃት ይችላል። ስለዚህ ቡና ወይስ ሻይ የሚለውን እንኳ አባላቱ ራሳቸው ቢወስኑ ይመረጣል።

መደምደሚያ

የቡድን ስኬት በመጀመሪያው ቀን በመጡት ሴቶች ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም። ወደፊት የሚደረጉ ጥናቶች ለሁለተኛ ጊዜ የተመለሱት እነማን እንደሆኑ፣ የቀሩትም በሰዓት፣ በልጅ፣ በገቢ ወይስ በሐሜት ፍርሃት እንደቀሩ ለይተው ሊመዘግቡ ይገባል። የቀረችው ሴት ምክንያት ካልተጠየቀ፣ መቅረቷ የፈቃደኝነት ጉድለት ተደርጎ ይቆጠራል፤ የቡድኑም ጉድለት ሳይታረም ይቀራል።