ገመድ የሌለው ማውስ ስለ ምን ይቋረጣል?

አንድ መሣሪያ አልሠራ ባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ከሁለት መንገድ አንዱን ይይዛል፤ ይኸውም ወይ ይቆጣል፥ ወይ ይመረምራል። እኔ ከሚቆጡት ወገን ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበውም ዐዋቂ ነኝ በማለት ሳይሆን፥ በቁጣዬ ያጠፋሁትን ገንዘብና ያስቀየምሁትን ሰው አስቤ፥ ሌላው ተማሪ ከኔ ስሕተት እንዲማር በማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ጥናቴን ሠንጠረዦች በማዘጋጅበት ሰሞን፥ ገመድ የሌለው ማውሴ ሥራ በጀመርሁ ቁጥር ይቋረጥብኝ ጀመር። ቀስቷ በስክሪኑ ላይ ደርቃ ትቀራለች፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ትመለሳለች፤ እንደገና ትጠፋለች። ማውሱ አርጅቷል ብዬ ለወሩ ያስቀመጥኋትን ገንዘብ አውጥቼ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም በዚያው ሌሊት እንደ ፊተኛው ሆነ። በማግሥቱ ወደ ሱቁ ሄጄ፥ ደንበኞች ቆመው ሳሉ፥ «ጋሼ፥ የሸጡልኝ የውሸት ዕቃ ነው» ብዬ ባለሱቁን ተናገርኋቸው። እሳቸውም አልተቆጡም፤ ማውሱን ተቀብለው በራሳቸው ላፕቶፕ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ሞከሩት። አንድ ጊዜም አልተቋረጠም። «ልጄ፥ ዕቃው ደኅና ነው፤ ይልቅስ ከላፕቶፕህ አጠገብ ያለውን ተመልከት» አሉኝ። አፍሬ ተመለስሁ። ከላፕቶፔ አጠገብ የነበረው ምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች እገልጻለሁ፤ አስቀድመን ግን ማውሱ ከላፕቶፑ ጋራ እንዴት እንደሚነጋገር እንመልከት።

የማውሱ ሬዲዮ

ገመድ የሌለው ማውስ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው የብርሃን ዓይን የጠረጴዛውን ገጽ በተከታታይ ፎቶግራፍ እያነሣና እያስተያየ፥ ማውሱ ወዴትና ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ ያሰላል፤ ውጤቱንም በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። በላፕቶፑ በኩል የሚቀበለው ወይ በዩኤስቢ ቀዳዳ የምትሰካው ትንሽ ሪሲቨር ናት፥ ወይም በላፕቶፑ ውስጥ የተሠራው ብሉቱዝ ነው።

ብሉቱዙም ሆነ በዛሬው ጊዜ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሪሲቨሮች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ይህም ማለት ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ 2,400 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። የብርሃንን ፍጥነት፥ ይኸውም በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን፥ ለዚህ ቍጥር ብናካፍል የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ የሞገድ ክልል ግን የማውስ ብቻ አይደለም። ዋይፋይ፥ የብሉቱዝ ማዳመጫ፥ ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭም ሳይቀር በዚሁ ሠፈር ይገኛሉ።

ታዲያ እንዲህ በተጨናነቀ ሠፈር መነጋገር እንዴት ይቻላል? ቢባል፥ መልሱ መዝለል ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ብሉቱዝ ክልሉን ለ79 መስመሮች ከፍሎ በሴኮንድ 1,600 ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፤ ኃይል ቈጣቢ የተባለው አዲሱ ዓይነት ደግሞ 40 መስመሮች አሉት። አንዱ መስመር ቢያዝ መልእክቱ በሌላው ያልፋል። ይህ ሐሳብ የቆየ ነው። የሲኒማ ተዋናይዋ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኙበት የቶርፔዶ መምሪያ ዘዴ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነበር። እንግዲህ ግንኙነቱ ይህን ያህል ጥበቃ እያለው ከተቋረጠ፥ ምክንያት አለው ማለት ነው።

ምክንያቶቹን ለማስታወስ እንዲቀል በክፍል ውስጥ እንዳለ ንግግር አድርገን እናስባቸው። ተማሪው የመምህሩን ቃል የማይሰማው በሦስት ምክንያት ነው፤ ወይ ተናጋሪው ድምፁ ደክሟል፥ ወይ በሰሚው ጆሮ አጠገብ ጫጫታ አለ፥ ወይም ሰሚው ተኝቷል። የማውስም ነገር እንደዚሁ ነው።

1ኛ/ ተናጋሪው ሲደክም

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የባትሪ ድንጋዩ ነው። አዲስ የአልካላይን ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል፤ እየተሞላ የሚሠራው ደግሞ 1.2 ቮልት ያህል ነው። ያረጀ ድንጋይ ሲለካ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ማውሱ መልእክት በሚልክበት ቅጽበት ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ሲጠይቀው ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ ማውሱም ዝም ይላል። ስለዚህ የማውሱ መብራት ስለ በራ ብቻ ድንጋዩ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። በድንጋዩ ማስቀመጫ ውስጥ ያሉት የብረት ጫፎች ዝገት ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዘው እንደ ሆነም አይቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

ርቀትና ብረትም ድምፁን ያደክማሉ። ጠረጴዛው ብረት ከሆነ፥ ወይም ሪሲቨሯ በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ጀርባ ተሰክታ የብረቱ ሣጥን በመካከል ከገባ፥ ሞገዱ ይጋረዳል። ምልክቱ ይህ ነው፤ ማውሱን ከሪሲቨሯ አንድ ስንዝር ያህል አስጠግተን ስንሠራበት ደኅና ሆኖ፥ ስናርቀው ከተቋረጠ፥ ድካሙ ከተናጋሪው ወይም ከመንገዱ ነው።

2ኛ/ በሰሚው ጆሮ አጠገብ ጫጫታ ሲኖር

እኔን ያሳፈረኝ ይህ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ዩኤስቢ 3.0 የሚባለው ፈጣን ቀዳዳ አላቸው፤ ብዙ ጊዜም በውስጡ ባለው ሰማያዊ ቀለም ይታወቃል። በዚህ ቀዳዳ መረጃ በሴኮንድ እስከ 5 ጊጋቢት ይተላለፋል። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ ይህ ፈጣን ማስተላለፊያ በሚሠራበት ጊዜ ከገመዱ፥ ከመሰኪያውና ከተሰካው ዕቃ የሚወጣው የሬዲዮ ጫጫታ የ2.4 ጊጋኸርዝን ክልል ይሸፍናል። ጫጫታው ሩቅ አይሄድም፤ ነገር ግን ሪሲቨሯ በአጠገቡ ከተሰካች ከማውሱ የሚመጣውን ቀጭን ድምፅ ይውጥባታል።

እኔም የጥናቴን መረጃ ያስቀመጥሁት በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ነበር። እሱን በአንደኛው ቀዳዳ፥ ሪሲቨሯን ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቀዳዳ ሰክቼ እሠራ ነበር። ሁለቱ የሚራራቁት ሁለት ጣት ያህል ነው፤ ማውሱ ግን ከሪሲቨሯ ግማሽ ሜትር ይርቃል። የሬዲዮ ኃይል ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ እንደሚወርድ በፊዚክስ ትምህርት አይተናል። እንግዲህ ደካማው ከሩቅ፥ ጯኺው ከጆሮ ሥር ሆነው ማን ሊሰማ እንደሚችል ግልጽ ነው። ሁለተኛው ማውስም ቢሆን ዐሥረኛው ከዚህ የተለየ ዕድል አይኖረውም ነበር።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ሪሲቨሯን ከሀርድ ዲስኩ በተቃራኒው በኩል ባለው ቀዳዳ መሰካት፥ ወይም በአጭር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ ከላፕቶፑ አርቆ ወደ ማውሱ ማስጠጋት ነው። ማውሱ በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ፥ ተቀባዩን ከላፕቶፑ ማውጣት ስለማይቻል ሀርድ ዲስኩን ራሱን ገመዱ እስከ ፈቀደ ድረስ ማራቅ ይረዳል። የማደሪያው ዋይፋይ በ5 ጊጋኸርዝም የሚያሠራ እንደ ሆነ፥ ላፕቶፑን ወደዚያ ማዛወር የማውሱን ሠፈር ያቀልለታል።

3ኛ/ ሰሚው ሲተኛ

ላፕቶፕ ባትሪውን ለመቈጠብ ሲል ሥራ የፈታ መስሎ የታየውን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወይም ብሉቱዙን ያስተኛል። አንዳንዱ ላፕቶፕ ከዚህ እንቅልፍ በደንብ አይነቃም። ምልክቱም፥ ማውሱ በሥራ መካከል ሳይሆን ለጥቂት ደቂቃ ስናነብ ቆይተን ስንመለስ ይጠፋል፤ ነቅለን ስንሰካው ይመለሳል። ላፕቶፑ በመብራት ሲሠራ ደኅና ሆኖ በባትሪ ሲሠራ መቋረጡም ወደዚህ ያመለክታል።

በዊንዶውስ የሚሠራ ተማሪ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍቶ፥ ዩኤስቢ ሩት ሀብ የሚለውን ወይም የብሉቱዙን ስም መርጦ፥ ፕሮፐርቲስ ከሚለው ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ገጽ ያውጣ። እዚያ ኮምፒዩተሩ ኃይል ለመቈጠብ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ ይፈቀድለት የሚል ምልክት ያለበት ሣጥን ያገኛል፤ ምልክቱን ያንሣው። በአንዳንድ ላፕቶፕ ይህ ገጽ አይታይም፤ ያን ጊዜ በኮንትሮል ፓነል በፓወር ኦፕሽንስ በኩል ገብቶ፥ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለው ካለ መዝጋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ማውሱም ራሱ ድንጋይ ለመቈጠብ ይተኛል፤ ሲነኩት ወዲያው ከነቃ ብልሽት አይደለም። ደግሞም ቀስቷ እየዘለለች ወይም እየቆመች የማውሱ ቁልፎች ግን ሲጫኗቸው የሚሠሩ ከሆነ፥ ሬዲዮው አልተቋረጠም። ጥፋቱ ከሥሩ ያለው ዓይን መቆሸሹ፥ ወይም እንደ መስተዋት ያለ ገጽ ላይ መሥራታችን ሊሆን ይችላልና፥ አንድ ወረቀት ከሥሩ አንጥፎ መሞከር ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ሦስቱን ምክንያቶች ማወቅ ብቻውን አይበቃም። አብዛኛው ተማሪ ማውሱ በተቋረጠ ጊዜ ድንጋዩን ይለውጣል፥ ቀዳዳውን ይቀይራል፥ ላፕቶፑን አጥፍቶ ያበራል፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያደርገዋል። ቢስተካከል እንኳ የቱ እንዳስተካከለው አያውቅም፤ በሳምንቱም ሲመለስበት እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን፥ ሩብ ሰዓት እየሠራንበት፥ የሆነውን በወረቀት እንጻፍ። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ቢሆን ገንዘብ የማያስወጣው ይቀድማል፤

ሀ/ ማውሱን በጓደኛ ላፕቶፕ ላይ፥ የጓደኛንም ማውስ በራሳችን ላፕቶፕ ላይ መሞከር። ሁለቱም ማውሶች በእኛው ላፕቶፕ ላይ ከተቋረጡ ጥፋቱ ከላፕቶፑ ወይም ከአካባቢው ነው። የእኛው ማውስ በሁለቱም ላይ ከተቋረጠ ግን ጥፋቱ ከማውሱ ወይም ከድንጋዩ ነው።

ለ/ በዩኤስቢ የተሰኩትን ሀርድ ዲስክና ፍላሽ ሁሉ ነቅሎ ማውሱን ብቻ ማስቀረት።

ሐ/ ሪሲቨሯን ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዛወር፥ ማውሱንም ማስጠጋት።

መ/ ከላይ የተገለጸውን የኃይል ቁጠባ መዝጋት።

ሠ/ አዲስ ድንጋይ መግዛት፤ ይህም ሁሉ ካልረዳ ብቻ አዲስ ማውስ መግዛት።

እኔ «ሀ»ን በመጀመሪያው ቀን አድርጌው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ማውስ ባልገዛሁ ነበር። ባለሱቁ በራሳቸው ላፕቶፕ ላይ የሞከሩት ይህንኑ ነው፤ ይህም አንድ ሳንቲም አላስወጣቸውም። እኛ ግን በላቦራቶሪ ውስጥ አንዱን ነገር ለውጦ ሌላውን ባለበት አቆይቶ መመርመርን ተምረን፥ ፈተናውንም አልፈን፥ ዘዴውን በላቦራቶሪው በር ላይ ጥለነው እንወጣለን። ከዚያ በኋላ የተበላሸ ነገር ባጋጠመን ቁጥር የምንፈልገው ምክንያቱን ሳይሆን የምንከሰውን ሰው ይሆናል።

ነገሩን ባገኘሁት ሳምንት ወደ ሱቁ ተመልሼ፥ ደግነቱ ደንበኞች በነበሩበት ሰዓት፥ ባለሱቁን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሥቀው፥ «ምን ነበር ታዲያ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። አሁን ሌላ ተማሪ ማውሱ ተቋረጠብኝ ብሎ ሲመጣ፥ አዲስ ከመሸጣቸው በፊት «ሀርድ ዲስክ በአጠገቡ ሰክተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁታል። የተረፈኝን አሮጌውን ማውስም ድንጋይ ለውጬለት አብሮኝ ለሚያድር ጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።