ለራቤል ሠርግ የትኛው እቅፍ አበባ?

አደይ አበባ የመስከረም ነው፤ ሠርግ የሚበዛው ግን አደዩ ከረገፈ በኋላ፣ በጥር። በመሆኑም ድግሱን ግሼ ራቤል ያደረገ ቤተሰብ ሙሽሪትን ጽጌረዳ ላስይዝ ካለ አበባውን ከአዲስ አበባ ገዝቶ በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ በኩል ይዞ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። ለዚህ መንገድ ከመልኩ ይልቅ አሠራሩ ይወስናል።

ወደ ታች የሚወርደው ረጅም እቅፍ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ብዙ አበባና ብዙ ሥራም ይፈጃል። ግንዱ አጥሮ በሽቦ ከተደገፈ ግን ውኃ ስለማይስብ ቶሎ ይጠወልጋል። ክቡም በሽቦ ከተሠራ ያው ነው። ግንዱ እንዳለ ሆኖ በእጅ የሚታሰረው እቅፍ ውኃ በያዘ ባልዲ ቆሞ ይጓዛል፤ ሲደርስም የግንዱ ጫፍ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ተቆርጦ አዲስ ውኃ ውስጥ ይገባል። ገንዘብ ለሚቆጥር ደጋሽ ይኸኛው ይሻላል። የደጋው ብርድ አበባውን ያቆየዋል፤ የጥር ውርጭ ግን ስለሚያቃጥለው ውጭ ማደር የለበትም።

ቀኑ ወደ የካቲት መባቻ ከተጠጋ ዋጋውን ቀደም ብሎ መነጋገር ይበጃል። ያኔ የአበባ እርሻዎች ለፌብሩዋሪ 14 የፍቅረኞች ቀን ወደ አውሮፓ ለመላክ የሚጣደፉበት ወቅት ነው።