ምጽዋት የደረሰበትን ስለ መጠየቅ

ጌታችን በተራራ ላይ ባስተማረው ትምህርት ምጽዋት በስውር እንዲሆን፥ ቀኝ እጅም የምትሠራውን ግራ እጅ እንዳታውቅ አዟል (ማቴ. 6፥3)። ይህን ትእዛዝ ይዘው አንዳንድ ባለጸጎች ምእመናን «እኛ ሰጥተናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ገንዘቡ ምን እንደ ሠራ መጠየቅስ ውዳሴ ከንቱን መፈለግ አይደለምን?» ይላሉ። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ዳሩ ግን ቃሉን ቀረብ ብለን ብንመለከተው፥ የተከለከለው መጽዋቹ ራሱን መመልከቱ ነው እንጂ ነዳዩን መመልከቱ አይደለም። ሰጥቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው ግራ እጁን ሳይሆን ዓይኑን ሰውሯል።

የሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ የሚነግረንን እናስታውስ። በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ርስታቸውን እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ ስለ ነበር የሰጪ እጥረት አልነበረም። ሆኖም የግሪክ ቋንቋ ይናገሩ ከነበሩት አይሁድ ወገን የሆኑት መበለቶች ከዕለቱ ማዕድ ተረሱ፤ ስለዚህም ማጕረምረም ሆነ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? የተሰበሰበውን ገንዘብ ብዛት ቈጥረው አልመለሱም፤ ያልደረሳቸውን ሰዎች ጩኸት ተቀብለው ሰባቱን አስመረጡና ሾሙ። የዲቁና ሹመት መነሻ ይህ መሆኑን ካህናት ወንድሞቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ምጽዋት በሰጪው በኩል ሙሉ ሆኖ ሳለ በተቀባዩ በኩል ጎዶሎ ሊሆን እንደሚችል የታወቀው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቁስጥንጥንያ ኦሊምፒያስ የምትባል እጅግ ባለጸጋ የሆነች ዲያቆናዊት መበለት ነበረች። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን እንደ ተረከው፥ ለለመናት ሁሉ ያለ ልዩነት ትሰጥ ነበር፤ ምንም ያልጎደላቸው ሰዎች እንኳ ከእጅዋ ይወስዱ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ለጋስነትዋን አመስግኖ፥ ለማይቸገር ሰው የሚሰጥ ሀብት ወደ ባሕር እንደሚፈስ መሆኑን መከራት። ሀብትዋን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር ከለየች በኋላ የእርስዋ አይደለምና፥ ስለ አሰጣጥዋ ትጠየቅበታለች።

ይኸው አባት ስለ አልዓዛር በሰበከው ስብከት ግን የነዳዩን ጠባይና ኑሮ እየመረመሩ መስጠትን አጥብቆ ነቅፏል፤ መጽዋችን በወደብ መስሎ፥ ወደብ ማዕበል የመታውን ሁሉ ደግና ክፉ ሳይለይ እንደሚቀበል አስተምሯል። ሁለቱ ትምህርቶች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ አይቃረኑም። ለኦሊምፒያስ የተነገራት ችግር መኖሩን እንድትመለከት ነው እንጂ ችግረኛው መልካም ሰው መሆኑን እንድትፈርድ አይደለም። ምርመራው የሚወድቀው በሰጪውና በስጦታው ላይ ነው፤ በድኻው ላይ አይደለም።

በዘመናችን የባለጸጎች ልግስና ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ስለ ሆነ ስሕተቱም እንዲሁ ሩቅ ይደርሳል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በደቡብ አፍሪካ «ፕሌይ ፓምፕ» የተባለ መሣሪያ ተሠራ። ሕፃናት ተቀምጠውበት የሚሽከረከር መጫወቻ ከውኃ ጕድጓድ ጋራ ይያያዝና፥ እነርሱ ሲጫወቱ ውኃው ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ፎቶግራፉም ያማረ ነበር፤ ምናልባት ጕዳቱ የጀመረው ከዚህ ይሆናል። በ2006 የአሜሪካ መንግሥትና ባለጸጎች ባልና ሚስት የመሠረቱት ኬዝ ፋውንዴሽን ከሌሎች ጋራ ሆነው 16.4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጡ ተነገረ፤ እስከ 2010 ድረስ 4,000 መሣሪያ ሊተከል ታሰበ።

ነገር ግን ሕፃናት ሁልጊዜ አይጫወቱም። ውኃ ሊቀዱ የመጡ እናቶች መንኰራኵሩን በእጃቸው እየገፉ ማዞር ግድ ሆነባቸው፤ ባንዳንድ ስፍራ ቀድሞ የነበራቸው የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ ነበርና። ሲሰበርም የሚጠግነው በቶሎ አልተገኘም። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በ2009 እንዳሰላው፥ አንዱ መሣሪያ ያጠጣል የተባለውን ሕዝብ ሁሉ ለማዳረስ ሕፃናቱ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ይህን ለማስላት ሊቅነት አያስፈልግም ነበር፤ ገንዘቡ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ግን በአደባባይ ያሰላው አልተሰማም። ፋውንዴሽኑ ነገሩ እንደ ታሰበው አለመሆኑን በ2010 በይፋ ጽፎ አመነ። እኛ ይህን ኑዛዜ ከስጦታው ይልቅ እናከብረዋለን። ባለጸጋ ሰው «ሰጠሁ፤ ነገር ግን አልጠቀመም» ብሎ መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም።

የተሰበረ ፓምፕስ በዓይን ይታያል፤ የማይታይ ጕድለት ያለበት ስጦታ ግን የባሰ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በምዕራብ ኬንያ፥ ቡሲያ በተባለው አውራጃ፥ ከሆላንድ የመጣ አንድ የክርስቲያን ርዳታ ማኅበር ለትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት አደለ። ለተማሪ መጽሐፍ መስጠት እንደሚጠቅም ማን ይጠራጠራል? ማኅበሩ ግን ከ100 ትምህርት ቤቶች መካከል በዕጣ ለ25ቱ አስቀድሞ ሰጠና ከቀሩት ጋራ እንዲነጻጸሩ ፈቀደ። ማይክል ክሬመር የተባሉት ሊቅ (በ2019 ከሁለት ሌሎች ጋራ በኢኮኖሚ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ናቸው) ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሲመረምሩት የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት በጠቅላላው ከፍ አላለም፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጐበዞች የነበሩት ብቻ ሆነው ተገኙ። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ፤ እንግሊዝኛም ለብዙዎቹ ሕፃናት ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር። መጽሐፉ በእጃቸው ገባ፤ ቃሉ ግን አልደረሳቸውም። ምንባቡ ሳይተረጐምለት የቆመ ምእመን ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ምን ያተርፋል? ይህን ካህናት በቶሎ ይረዱታል። ማኅበሩ የመጻሕፍቱን ቍጥር ብቻ ቈጥሮ ቢሆን ኖሮ ሥራው ተፈጸመ ብሎ በደስታ ይሄድ ነበር።

በአንጻሩ ደግሞ ጊኒ ዎርም የተባለው ትል አለ፤ በተበከለ ውኃ ገብቶ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ብዙውን ጊዜ የእግርን ቆዳ ቀድዶ የሚወጣ ነው። በ1986 በአፍሪካና በእስያ በ21 አገሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓመት ይታመሙበት እንደ ነበር ተገምቷል፤ አገራችን ኢትዮጵያም ከነዚህ አንድዋ ነበረች። ክትባት የለውም፤ የሚፈውሰው መድኃኒትም የለም። የካርተር ማእከል ከየአገሩ መንግሥታትና ከዓለም የጤና ድርጅት ጋራ ሲሠራ፥ ለመንደሮች የውኃ ማጥለያ ጨርቅ ታደለ። ሥራው የተመዘነው ግን በታደለው ጨርቅ ብዛት አልነበረም፤ ከየመንደሩ የተመረጡ ሰዎች የታመመ መኖሩን እየጠየቁ አንድ ባንድ መዘገቡ። በ2024 በዓለም ሁሉ የተገኙት ሕሙማን 15 ብቻ ነበሩ። ሥራው ገና አላለቀም፤ ትሉ በውሾች፥ በጋምቤላም በዝንጀሮዎች ላይ ተገኝቷል። ይህም የታወቀው መቍጠሩ ስላልተቋረጠ ነው።

እንዲህ ስንል ሁሉ ነገር በቍጥር ይመዘናል ማለታችን አይደለም። ሞት የቀረበውን ሽማግሌ የሚያጥብ፥ የታሰረውን የሚጐበኝ ሰው በመዝገብ የሚያሳየው ውጤት የለውም፤ ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ግን ስለዚህ ነው (ማቴ. 25)። ፈጥኖ የሚቈጠር ፍሬ ያለበትን ብቻ እየመረጠ የሚሰጥ ባለጸጋ፥ ድኻን ወደ ገበያ እንደ ወጣ ሸቀጥ ማየት ጀምሯል። ድኾችን ቅጽ በማስሞላትና ፎቶግራፍ በማስነሣት የሚያደክምም እንዲሁ ነው፤ መዝገቡ የሚያገለግለው ሰጪውን ነውና።

ስለዚህ ሸክሙ በአብዛኛው የሚወድቀው በንስሓ አባቶች ላይ ነው። ባለጸጋው የውኃ ጕድጓድ ላስቈፍር ሲል፥ ከምርቃቱ በፊት ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው ይጠይቁት፤ በዚያ ቀበሌ ያሉት ሴቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚሹት ውኃ መሆኑንም ከራሳቸው ከሴቶቹ ይስሙ። በዓመቱም፥ ጃንጥላና ከበሮ በሌለበት በተራ ቀን፥ ባለጸጋውን ይዘውት ወደ ስፍራው ቢሄዱና እንስራዋን አዝላ የመጣችውን ሴት ቢጠይቁአት መልካም ነው። መልስዋንም እርሱ ራሱ ቆሞ ይስማው።