የጣና ጉዳይ ከቀሃና ከአንገረብ ይጀምራል

እንደሚታወቀው ስለ ጣና ሐይቅ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። በተለይ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መኖሩ ከተረጋገጠ ወዲህ ገንዘብ ተዋጥቷል፣ ማሽን ተገዝቷል፣ የደንቢያ ገበሬም ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከርሟል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። አረሙ መጀመሪያ የታየው የት ነበር? መልሱ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ የሚል ነው። መገጭ ደግሞ የኛው ወንዝ ነው።

ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ካርታውን በአጭሩ ላስረዳ። ጎንደር ከተማ የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መካከል ነው። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ። (ወደ አትባራ የሚሄድ ሌላ ትልቅ አንገረብም አለ፤ ስሙ አንድ ስለሆነ እንዳይምታታ።) ሁለቱ ከከተማው በታች ወርደው ከሽንታ ጋር የመገጭ ገባሮች ይሆናሉ። መገጭም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ከጣና አባይ ይወጣል። ስለዚህ ቀሃ ድልድይ ላይ የተጣለ ፌስታል ወይም የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ጉዞ ጀመረ ማለት ነው።

ፌስታሉ ግን የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ዋናው ችግር የማይታየው ነው። እምቦጭ ሥሩን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ የሚንሳፈፍ አረም ስለሆነ ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው ነው። ምግቡ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እነዚህ ከየት ይመጣሉ ቢባል ከማዳበሪያ፣ ከእንስሳት እዳሪ፣ ከሽንት ቤት ፍሳሽና ከሳሙና ውሃ ነው። ፎስፈረስ በተለይ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የመጓዝ ባሕርይ አለው። በክረምት ቡና መስሎ የሚወርደው የአንገረብ ጎርፍ እንግዲህ አፈር ብቻ ሳይሆን የአረሙን ስንቅ ይዞ ነው የሚሄደው።

አረሙን መንቀል አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አረሙን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ተለቀው አረሙ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። ሐይቁ ምግብ ነበረዋ! ሰው ነቅሎ ሲጨርስ ወንዙ መልሶ የሚመግበው ከሆነ ዘመቻው ማለቂያ የለውም።

ወደ ደጋው ስንወጣ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ደጋማ ቦታዎች ገበሬው ተዳፋት ላይ ነው የሚያርሰው። ጤፍ ደግሞ መሬቱ ተደጋግሞ ታርሶ ካልለሰለሰ አይሆንለትም። እናም የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ማሳው ለስልሶ፣ ራቁቱን ሆኖ ይጠብቀዋል። ሣሩ በልቅ ግጦሽ ካለቀ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ከተቆረጠ ውሃው ወደ መሬት አይሰርግም፣ በላዩ ይሮጣል። ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ በክረምት ጎርፍና ደለል ይሆናል፣ በበጋ ደግሞ ያልሰረገ ውሃ ምንጭ ሆኖ ስለማይወጣ ወንዙ ይደርቃል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ችግሮች ለየብቻ ያያቸዋል። ግን አንድ ናቸው።

የዚህ ምስክር አንገረብ ግድብ ነው። ለከተማው የመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራው ይህ ግድብ ከላይ ባለው ተፋሰስ በሚመጣ ደለል እየተሞላ ውሃ የመያዝ አቅሙን ሲያጣ ቆይቷል። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ የጠበቀ፣ ጀሪካን ተሸክሞ የዞረ ሰው ሁሉ፣ ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም፣ የደጋውን አፈር መሸርሸር በገዛ ትከሻው አውቆታል ማለት ይቻላል።

ደለሉ ሌላም የሚገድለው ነገር አለ። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ከአሥራ አምስት የማያንሱ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ከእነሱ ውስጥ በርከት ያሉት በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ መገጭ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይዋኙና ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ ይታፈናል። የጠጠርና የአሸዋ ማውጣቱም ሥራ የሚራቡበትን ቦታ ያጠፋል። ያልተፈለፈለ ዓሣ ደግሞ ለደንቢያ አስጋሪ መረብ አይደርስም።

አሁን ከተማው ውስጥ እንግባ። ወንዝ በተፈጥሮው ራሱን ያጸዳል፤ ቆሻሻውን ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ነገር ግን ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ቆሻሻው ከወንዙ አቅም በላይ ሲሆን ኦክስጅኑ ያልቅና ውሃው ይሸታል፣ ይጠቁራል። በበጋ ቀሃ በጣም ሲቀንስ የሽንት ቤት ፍሳሹ፣ የላቫጆው የተቃጠለ ዘይት፣ የልብስ አጠባው ኦሞ ግን አይቀንስም። በዚያ ውሃ ሰላጣና ጎመን የሚያለማ አለ፣ ገበያ ወስዶም ይሸጣል፣ እኛም እንበላለን። እሱን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ የተሻለ ውሃ አልቀረበለትማ።

የወንዝን ጤና ለማወቅ የግድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በበጋ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ከወንዙ ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው ትንንሽ የነፍሳት እጮች ከሥሩ ተጣብቀው ከተገኙ ውሃው በአብዛኛው ደህና ነው። ቀያይ ክር መሳይ ትሎች ብቻ ከሆኑ ኦክስጅኑ ተሟጧል። ይህን ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ብታደርጉት ልዩነቱ ራሱ አንድ ዜና ይሆናል።

ቀሃን በተመለከተ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚሁ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ነው። መዋኛው በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው፤ የጥምቀት በዓልም በ2019 ተመዝግቧል። ግንቡ ይጠገናል፣ ዛፎቹ ይጠበቃሉ፣ በዓሉ በዓለም ይታወቃል። ወንዙ ግን በየትኛው መዝገብ ገባ? ጥር 11 ቀን ጸበል የሚሆነው ውሃ ጥር 12 የማን ነው?

መልሶ ማልማቱ ከላይ ወደታች መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ደጋው ላይ እርከን፣ ቦረቦር ላይ የድንጋይ ክትር፣ የተጎዳ ተዳፋት ደግሞ ከንክኪ መከለል። ከከብት የተከለለ መሬት በጥቂት ክረምት ሣር ያወጣል፣ ከሥሩም ምንጭ የሚጎለብትበት ጊዜ አለ። ወንዝ ዳር ላይ ሣርና አገር በቀል ዛፍ የያዘ የማይታረስ ጠርዝ ቢተው ጎርፉን ያጣራል። ባሕር ዛፍ ግን ውሃ ስለሚጠጣ ለምንጭና ለወንዝ ዳር አይመከርም። አስቸጋሪው ጥያቄ የገበሬው ነው። እርከን መሬት ይወስዳል፣ ክልል ግጦሽ ይወስዳል፤ ጥቅሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ታች ያለው ነው። እኛ ከተማ ተቀምጠን ውሃውን የምንጠጣ ሰዎች ለዚያ ገበሬ ለከብቱ መኖ፣ ለማሳው ችግኝ ካላዋጣን «አፈርህን ጠብቅልን» ማለት ቀላል ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ መግባቱ ካልቆመ ሌላው ሁሉ ማስዋብ ነው። የለንደኑ ቴምዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ሞቷል ተብሎ ነበር፤ ዓሣ የተመለሰበት የፍሳሽ ማጣሪያዎቹ ከተሻሻሉ በኋላ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያደርጋል። በጣም የገረመኝ አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን ጓደኞቼን ብጠይቅ አንድም የሚያውቅ አላገኘሁም። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ካላወቅን ቀሃ ዳር የሚኖረው ሰው ከየት ያውቃል?

አቤቱታው የሚጠይቀው ጠበቃ ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ ምን እንደፈሰሰ፣ ከየትኛው ቱቦ፣ በየትኛው ቀን። አንድ ቱቦ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለሁለት ወር ፎቶ ቢነሣ በቂ መነሻ ነው። የመስክ ዘገባ ኮርሳችን የሚጠይቀውም ከዚህ የበለጠ አይደለም።